ስለ ብቅል ኃይል፤ ሙቀትና ኮምጣጣነት የኢንዛይምን ሥራ እንዴት እንደሚገዙት

ገብስ በውሃ ተነክሮ ከበቀለ በኋላ በፀሐይ ሲደርቅ ብቅል ይባላል። ይህን ያገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያልበቀለውን ገብስ ፈጭቶ ዱቄቱን በምላሱ የሚቀምስ ሰው የጥሬ እህል ጣዕም ብቻ ያገኝበታል፤ ብቅሉን ፈጭቶ የሚቀምስ ግን ጣፋጭነት ያገኝበታል። እህሉ ያው አንድ እህል ነው፥ ማርም ስኳርም አልገባበትም። የጣፈጠበትም ምክንያት እህሉ ሲበቅል በውስጡ አንድ ሠራተኛ ነገር ስለ ተነሣና የዱቄቱን ክፍል ወደ ስኳር መለወጥ ስለ ጀመረ ነው። ይህ ሠራተኛ ነገር በሊቃውንት ቋንቋ ኢንዛይም ይባላል።

ጠላ የምትጠምቅ ሴት ይህን ሠራተኛ ስሙን ሳታውቅ ዘመኗን ሁሉ ስታዝዘው ኖራለች። አሻሮውን ቆልታ፥ እንኩሮውን ጋግራ ስታበቃ፥ ብቅል ያልገባበት ድፍድፍ ጠላ እንደማይሆንላት ታውቃለች። ይኸውም በአሻሮውና በእንኩሮው ውስጥ የነበረውን ኢንዛይም እሳቱ ስላጠፋው ነው፤ ኃይሉ የቀረው በፀሐይ በደረቀው ብቅል ብቻ ነው። ብቅሉን በፀሐይ እንጂ በምጣድ አለማድረቋም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ጥበብ ነው።

እንግዲህ ኢንዛይም እሳት ሲበዛበት የሚጠፋ፥ ብርድ ሲበዛበት የሚተኛ፥ ኮምጣጣ ሲበዛበትም ሥራውን የሚተው ከሆነ፥ ልኩን ማወቅ ይገባል። ልኩን ማወቅም ለጠማቂ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ጡት እየጠባ እህል መቅመስ የጀመረ ሕፃን ገንፎው ወፍራም ሲሆንበት መዋጥ ያቅተዋል፤ ቀጥኖ ሙቅ ሲሆንለት ደግሞ ሆዱ በውሃ ይሞላና ሰውነቱ ይከሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት በልኩ ሙቀት የገባ እንደ ሆነ ይህን ችግር ያቃልላል፤ ያለ ልኩ የገባ እንደ ሆነ ግን ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ መምህሩ ለልጆች፥ ሽማግሌውም ለቤተ ሰቡ ያስረዳው ዘንድ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያሻል።

ምርመራው በአውሮፓም የተጀመረው ከዚሁ ከብቅል ነው። በ1833 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ፓያንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች የብቅልን ውሃ አጥልለው አልኮል ቢጨምሩበት ነጭ ነገር ዘቀጠላቸው። ይህም ነጭ ነገር ጥቂቱ ብቻ እጅግ ብዙ ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ሆኖ ተገኘ። ስታርች ማለት የእህል ዱቄት ዋናው ነጭ ክፍል ነው። ያገኙትንም ነገር ዲያስታዝ አሉት፤ ሲፈላ ግን ኃይሉን ያጣ ነበር። በ1877 ዓ.ም. ኩነ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እንዲህ ላሉት ነገሮች ሁሉ ኢንዛይም የሚለውን ስም አወጣ፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ «በእርሾ ውስጥ ያለ» ማለት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት መፍላትና መቡካት ሕይወት ካለው ተሕዋስ በቀር አይሆንም ይሉ ነበር። ኤድዋርድ ቡክነር ግን በ1897 ዓ.ም. እርሾን ፈጭቶና ጨምቆ፥ ሕያው እርሾ የሌለበት ጭማቂ ብቻውን ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ፤ ስለዚህም በ1907 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ከዚያም በኋላ ሰምነር የተባለ አሜሪካዊ በ1926 ዓ.ም. አንዱን ኢንዛይም ከባቄላ ዘመድ አጥርቶ አወጣውና ፕሮቲን መሆኑን አስረዳ። በመጀመሪያ ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ በ1946 ዓ.ም. ግን እርሱም የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ከጥቂቶች በቀር ኢንዛይሞች ሁሉ ፕሮቲን መሆናቸው ዛሬ የተረጋገጠ ነው።

ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን ያወቀ ሰው የቀረውን ሁሉ ከእንቁላል ሊማር ይችላል። የእንቁላል ነጩ ክፍል አብዛኛው ውሃና ፕሮቲን ነው። ጥሬው ብርሃን ያሳልፋል፥ ይፈስሳልም፤ የተቀቀለው ግን ነጭና ጠጣር ይሆናል። የተቀቀለው እንቁላል ቢበርድ ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ይህም የሚሆነው ስለዚህ ነው። ፕሮቲን እጅግ ቀጭንና ረጅም ክር በሥርዓት ተጠቅልሎ ድብልብል የሆነ ነገር ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ጥቅልሉ ይፈታል፥ የተፈቱትም ክሮች እርስ በርሳቸው ይተበተባሉ። የተተበተበ ፈትል ወደ ቀድሞው ልቃቂት እንደማይመለስ ሁሉ ይህም አይመለስም።

ኢንዛይሙ ሥራውን የሚሠራው በጥቅልሉ ላይ ባለች በአንዲት ጎድጓዳ ስፍራ ነው። የሚለውጠው ነገር በዚያች ስፍራ ገብቶ ልክ ሲሆን ይቆረጣል ወይም ይገጠማል፤ ከዚያም ይወጣና ሌላው ይገባል፤ ኢንዛይሙ ራሱ ግን አያልቅም። ጥቂቱ ለብዙ የሚበቃውም ስለዚህ ነው። ኤሚል ፊሸር በ1894 ዓ.ም. ይህን በቁልፍና በመቆለፊያ መስሎታል። የብቅል ኢንዛይም ስታርችን ይቆርጣል እንጂ ሥጋን አይነካም፤ ሥጋን የሚያሟሟውም ኢንዛይም ስታርችን አይነካም። ጥቅልሉ በእሳት ወይም በኮምጣጣ የተበላሸ እንደ ሆነ ጎድጓዳዋ ስፍራ መልኳ ይጠፋል፥ ቁልፉም አይገባም።

ሙቀት በኢንዛይም ላይ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ውሃው ሲሞቅ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ነገሮች ሩጫቸው ስለሚጨምር ኢንዛይሙና ስታርቹ ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ፤ በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ያህል ይፈጥናል። በሌላ በኩል ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ጥቅልሉን ይፈታዋል። ስለዚህ የኢንዛይም መንገድ ቀስ እያለ የሚወጣ ዳገት ነው፤ ከጫፉ ግን ገደል አለው። ዳገቱን የወጣ ሰው ተመልሶ ሊወርድና እንደገና ሊወጣ ይችላል፤ በገደሉ የወደቀ ግን አይመለስም። ብርድና እሳት በኢንዛይም ላይ እኩል ያልሆኑት በዚህ ነው፤ ብርድ ያስተኛዋል፥ እሳት ይገድለዋል። በደጋ አገር ሊጥ ዘግይቶ መቡካቱ፥ በቆላ ፈጥኖ መቡካቱ ከዳገቱ ወገን ነው፤ የደጋውን ሊጥ ከምድጃ አጠገብ ያስጠጉት እንደ ሆነ ይነቃል።

በገብስ ብቅል ውስጥ ስታርችን የሚቆርጡ ሁለት ዋና ኢንዛይሞች አሉ። አልፋ አሚላዝ የሚባለው ረጅሙን የስታርች ሰንሰለት ከመካከሉ እየቆራረጠ ያሳጥረዋል፤ ገንፎን የሚያቀጥነው ይኸኛው ነው። ቤታ አሚላዝ የሚባለው ደግሞ ከጫፉ እየቆረጠ ማልቶስ የተባለውን ስኳር ያወጣል፤ የሚያጣፍጠው ይኸኛው ነው። ቤታው ከ65 ዲግሪ በላይ ቶሎ ይጠፋል፤ አልፋው እስከ 70 ዲግሪ ድረስ በርትቶ ይሠራል፥ ወደ 80 ሲጠጋ ግን እርሱም ይጠፋል። ስለዚህ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለሁለቱም የተመቸ ነው።

ጥሬ ስታርች ግን እንደ ተዘጋ ጎተራ ነው፤ ኢንዛይሙ በቀላሉ አይገባበትም። ዱቄቱ በውሃ ሲበስል ቅንጣቶቹ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፥ ይፈነዳሉም፤ ገንፎ የሚወፍረውም ስለዚህ ነው። ያን ጊዜ ጎተራው ተከፈተ ማለት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ከሊጡ ጥቂቱን ቀድታ በፈላ ውሃ አብስላ አብሲት ማድረጓ፥ ጥቂትም ሳታበርደው ወደ ሊጡ አለመመለሷ፥ የዚሁ ትምህርት ምሳሌ ነው፤ የበሰለው ስታርች በሊጡ ውስጥ ላሉት ሠራተኞች የተዘጋጀ ምግብ ይሆናል፥ መብረዱም ሠራተኞቹ እንዳይሞቱ ይጠብቃል። እንግዲህ ሥርዓቱ አስቀድሞ ማብሰል፥ ቀጥሎ ማብረድ፥ ከዚያ ብቅሉን መጨመር ነው።

ቴርሞሜትር በሌለበት ትምህርት ቤት ሙቀቱ እንዴት ይለካል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አገሩ ከፍ ባለ መጠን ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። አዲስ አበባን በመሰለ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የምንጭ ውሃ 18 ዲግሪ ያህል ቢሆን፥ አንድ ስፍር የፈላና አንድ ስፍር ቀዝቃዛ ሲደባለቁ 55 ዲግሪ ይሆናሉ፤ ለብቅል የተመቸው ይህ ነው። አንድ ስፍር የፈላ ከሦስት ስፍር ቀዝቃዛ ጋር የተደባለቀ እንደ ሆነ ደግሞ ወደ 37 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም የሰው ገላ ሙቀት ነው። በቆላ አገር ውሃው በ97 ዲግሪ ቢፈላና ቀዝቃዛው 25 ቢሆን፥ እኩል ለእኩል ሲደባለቅ 61 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም ገና ከገደሉ ወዲህ ነው። ድስቱ ራሱ ጥቂት ሙቀት ስለሚወስድ ውጤቱ ከሒሳቡ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። ይህ ሒሳብ ለልጆች የአማካይ ትምህርት ስለሚሆን መምህሩ በሰሌዳ ላይ ቢያሠራቸው መልካም ነው።

ፈተናው እንዲህ ይደረጋል። አንድ ስፍር የገብስ ወይም የበቆሎ ዱቄት በአራት ስፍር ውሃ ገንፎ ሆኖ በደንብ ይብሰልና በአራት ኩባያ እኩል ይከፈል። በመጀመሪያው ኩባያ ብቅል አይግባበት፥ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይጨመርበት፤ ይህ ለሌሎቹ መመዘኛ ነው። ለሁለተኛው አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት በዚያው ልክ ውሃ ተበጥብጦ፥ ገንፎው ወደ 55 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ይግባበት። ሦስተኛው ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ብቅሉን ይቀበል። ለአራተኛው የሚገባው ብቅል አስቀድሞ 10 ደቂቃ የፈላና የበረደ ይሁን፤ ገንፎው ግን እንደ ሁለተኛው 55 ዲግሪ ይሁን። ሁለተኛውና አራተኛው፥ መመዘኛውም ጭምር፥ በተደባለቀው ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ፥ ሦስተኛው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለተኛው ቀጥኖ ከማንኪያ ላይ እንደ ወተት ይፈስሳል። አራተኛው ከመመዘኛው ብዙም አይለይም። ሦስተኛው እጅግ ይዘገያል፤ ነገር ግን ወደ ሞቀው ውሃ ያዛወሩት እንደ ሆነ እርሱም ይቀጥናል። ልጆች የተኛውን ከሞተው የሚለዩት ሦስተኛውንና አራተኛውን ጎን ለጎን ሲያዩ ነው፤ መምህሩ በዚህ ላይ ጊዜ ይስጥ።

ብቅሉን በፈላ ገንፎ ላይ በቀጥታ የሚጨምር ሰው ጥቂት መቅጠን አይቶ ይታለል ይሆናል። ኢንዛይሙ ከመሞቱ በፊት ጥቂት ስለሚሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም ቢጠብቁት አይቀጥንም።

ስለ ሙቀት ይህን ያህል ካልን ዘንድ ወደ ኮምጣጣነት መሻገር ይገባል። ሎሚ፥ ኮምጣጤ፥ እርጎና የቦካ ሊጥ ኮምጣጣ ናቸው፤ በትምህርት ቋንቋ አሲድ አለባቸው ይባላል። የአመድ ውሃና ሳሙና ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሲሆኑ አልካሊ ይባላሉ። የኮምጣጣነት ልክ ፒኤች በሚባል ቁጥር ይነገራል። ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ቁጥሩ ከ7 ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል፥ ከ7 ሲበልጥ አልካሊነቱ ይበዛል። ቁጥሩ በ1 ሲቀንስ ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ እንደሚበዛ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ፒኤቹ 4 የሆነ ነገር 6 ከሆነው ይልቅ 100 እጥፍ ይኮመጥጣል እንጂ ጥቂት ብቻ አይበልጠውም። የሎሚ ውሃ 2 ያህል፥ የቦካ የጤፍ ሊጥ ወደ 4 የተጠጋ፥ የላም ወተት 6.6 ያህል፥ የሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ይህንን የቁጥር ሥርዓት በ1909 ዓ.ም. ያወጣው በኮፐንሃገን ከተማ በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሶረንሰን ነው፤ ያወጣውም ስለ ኢንዛይም ሲመረምር የኮምጣጣነትን ልክ የሚናገርበት አጭር መንገድ አጥቶ ስለ ነበር ነው። የቢራ ጠማቂና የጠላ ጠማቂ ጥያቄያቸው አንድ መሆኑ ያስደንቃል።

ለትምህርት ቤት የሚሆን የኮምጣጣነት ምልክት በርካሽ ይገኛል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በጥቂት ውሃ ተፈልቶ ውሃው ሲቀላ ይጠለል። ይህ ውሃ በኮምጣጤ ላይ ሲጨመር ቀይ ወይም ሮዝ ይሆናል፤ በአመድ ውሃ ላይ ሲጨመር ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ኮምጣጣነት ኢንዛይምን የሚለውጥበት ምክንያት ይህ ነው። በፕሮቲኑ ክር ላይ እዚህም እዚያም የኤሌክትሪክ ኃይል ያለባቸው ስፍራዎች አሉ፤ አንዱ ሌላውን እየሳበ ወይም እየገፋ ጥቅልሉን በልኩ ይይዙታል። አሲድ ወይም አልካሊ ሲበዛ ይህ ኃይል ይለወጣል፥ መያዣውም ይላላል። ለውጡ ጥቂት ከሆነ ኢንዛይሙ ይደክማል፥ ልኩ ሲመለስለትም ይበረታል፤ ብዙ ከሆነ ግን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይበላሻል።

የየኢንዛይሙ ልክ ግን አንድ አይደለም። ለዚህም ከሰው ሆድ የሚበልጥ ምስክር የለም። ዳቦ ሲያኝኩት እየቆየ ይጣፍጣል፤ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚላዝ ስታርቹን ስለሚቆርጠው ነው፥ የሚወደውም ፒኤች ወደ 7 የተጠጋውን ነው። እህሉ ወደ ጨጓራ ሲወርድ ከ1.5 እስከ 3.5 ወደሚደርስ ብርቱ አሲድ ይገባል፤ አሲዱ እንደ ደረሰበት የምራቁ ኢንዛይም ሥራውን ያቆማል። በዚያ ግን ፔፕሲን የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይጠብቃል፤ እርሱ ፕሮቲንን ይቆርጣል፥ የሚበረታውም ፒኤቹ 2 ያህል ሲሆን ነው። ከጨጓራ ወደ አንጀት ሲወርድ ደግሞ የቆሽት ፈሳሽ አሲዱን ያበርደዋል፤ ፔፕሲን ይተኛል፥ ወደ 8 በተጠጋው ፒኤች የሚሠሩት የቆሽት ኢንዛይሞች ሥራውን ይረከባሉ። አንዱ ዘበኛ ሲወርድ ሌላው ይተካል ማለት ነው።

ቦሞንት የተባለ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሐኪም ይህን በዓይኑ አይቷል። በ1822 ዓ.ም. አሌክሲስ ሴን ማርታን የተባለ ወጣት በጥይት ሆዱን ቆስሎ ዳነ፤ ቁስሉ ግን ወደ ጨጓራው የሚያሳይ ቀዳዳ ትቶ ቀረ። ሐኪሙ በቀዳዳው የጨጓራውን ፈሳሽ እየቀዳ በብልቃጥ ሥጋ ጨመረበት። በገላ ሙቀት የተያዘው ብልቃጥ ሥጋውን በጥቂት ሰዓቶች ሲያሟሟው፥ በብርድ የተቀመጠው እምብዛም አልነካውም። ምርመራውንም በ1833 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ ይህም ፓያንና ፐርሶ ዲያስታዝን ያገኙበት ዓመት ነው።

የብቅል አሚላዝ የሚወደው ፒኤች ከ5 እስከ 6 ነው፤ ይህም ጥቂት ኮምጣጣ ማለት ነው። በትምህርት ቤት ይህን ለማሳየት ሦስት ኩባያ ገንፎ በ55 ዲግሪ ይዘጋጅ። በአንዱ ብቅል ብቻ፥ በሁለተኛው ሁለት ማንኪያ ኮምጣጤ ገብቶ ከዚያ ብቅል፥ በሦስተኛው ሁለት ማንኪያ ጠንካራ የአመድ ውሃ ገብቶ ከዚያ ብቅል ይጨመር። ልዩነት እንዳይኖር በመጀመሪያውም ሁለት ማንኪያ ውሃ ይግባበት። የመጀመሪያው ይቀጥናል፤ ሁለቱ ግን ወፍረው ይቀራሉ ወይም እጅግ ይዘገያሉ። እነዚህ ለፈተና ብቻ ናቸውና ማንም እንዳይቀምሳቸው መምህሩ ይጠንቀቅ።

ቲንክቸር አዮዲን የሚገኝበት ትምህርት ቤት ስታርቹ መለወጡን በቀለም ሊያሳይ ይችላል፤ አዮዲን ስታርችን ሲነካ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፥ ስታርቹ ፈጽሞ ሲቆራረጥ ግን ቀለሙ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ግን በዚህ ፈተና ስሕተት ይገባል። ገንፎው ትኩስ ሳለ አዮዲን የጨመሩበት እንደ ሆነ ስታርች እያለም ቀለሙ አይታይም፤ አስቀድሞ ማብረድ ያስፈልጋል። የአመድ ውሃ አዮዲኑን ራሱን ቀለም ያሳጣዋል። የሎሚ ውሃም በውስጡ ባለው ቪታሚን ሲ ምክንያት እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለኮምጣጣው ፈተና ሎሚ ሳይሆን ኮምጣጤ ይወሰድ። ይህን ያላወቀ ሰው ኢንዛይሙ ያልሠራውን ሥራ ሠራ ብሎ ያስተምራል።

ሁሉም ኢንዛይም በ60 ወይም በ70 ዲግሪ ይሞታል ማለት ግን አይገባም። በአሜሪካ በየሎስቶን ፍል ውሃ ውስጥ በ70 ዲግሪ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በ1960ዎቹ ተገኝተዋል፤ ከእነርሱ የተወሰደው ኢንዛይም ዛሬ በየላቦራቶሪው የበሽታን ዘር ለመመርመር ይሠራበታል። በኢትዮጵያም የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ፒኤቻቸው ወደ 10 የሚደርስ ሲሆን፥ በውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አልካሊ የማያበላሻቸው ኢንዛይሞች አሏቸው። በዱቄት ሳሙና ውስጥ የሚገቡት የደምና የወጥ እድፍ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችም የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ልብሱን በፈላ ውሃ የዘፈዘፈ ሰው ግን ከገዛው ኃይል ከፊሉን በከንቱ ያጠፋል።

አሁን ወደ ሕፃኑ ገንፎ መመለስ ይገባል። የሕፃን ጨጓራ ለክብደቱ በኪሎ 30 ግራም ያህል ይይዛል፤ 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ ሊበላ የሚችለው ከ240 ግራም አይበልጥም። መቶ ግራም የእህል ዱቄት 350 ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል። በ100 ግራም ሙቅ ውስጥ 10 ግራም ዱቄት ብቻ ቢኖር ሕፃኑ ከጠገበ በኋላ ያገኘው 84 ካሎሪ ነው። በ100 ግራም ገንፎ ውስጥ 25 ግራም ዱቄት ቢኖር ግን በዚያው ሆድ 210 ካሎሪ ያገኛል። እናቲቱ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም የምታቀጥነው፤ ወፍራሙ ስለማይዋጥለት ነው። ብቅል ግን ዱቄቱን ሳይቀንስ ገንፎውን ያቀጥነዋል።

አደራረጉም እንዲህ ነው። ለአንድ ሳህን 50 ግራም ያህል ዱቄት በአራት እጥፍ ውሃ ወፍራም ገንፎ ይሁን፤ በደንብ ይብሰል። ከእሳት ወርዶ ይብረድ፤ ልኩም ጣትን ለአንድ አፍታ ብቻ የሚያስታግሥ ትኩሳት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ገብቶበት ይማሰል፥ ተከድኖም 10 ወይም 15 ደቂቃ ይቆይ። ከቀጠነ በኋላ ወደ እሳት ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። ይህ የመጨረሻው ነገር ሊቀር አይገባም። ብቅል በእርጥበት የበቀለ ነገር ስለ ሆነ በላዩ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ኢንዛይሙ ሥራውን ጨርሷልና ከእንግዲህ ቢሞት ጉዳት የለውም፥ ተሕዋስያኑም አብረውት ይሞታሉ።

ብቅል ለጠላ እንጂ ለሕፃን አይሆንም፥ ያሰክረዋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ብቅል ራሱ አልኮል የለበትም። አልኮል የሚመጣው እርሾ የብቅሉን ስኳር ለቀናት ሲበላ ነው፤ በሩብ ሰዓት ተቀጥኖ ወዲያው በሚፈላ ገንፎ ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ መጠጥን በሃይማኖቱ ወይም በልማዱ የሚከለክል ቤትም ያለ ስጋት ሊሠራበት ይችላል።

ለዚህ ሥራ የገብስ፥ የስንዴ ወይም የዳጉሳ ብቅል ይመረጣል። የማሽላ ብቅል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ማሽላ ሲበቅል በቡቃያውና በሥሩ ውስጥ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር ይፈጠራል። ለሕፃን ምግብ ከሆነ ቡቃያውና ሥሩ ታሽቶ ካልተለየለት አይወሰድ፤ ሌላ ብቅል ባለበት ቤት ጭራሽ ባይገባ ይሻላል። የሻገተም ብቅል ማናቸውም ዓይነት ቢሆን ይጣል። ገንፎው ብቻውን የሕፃኑን ፍላጎት ሁሉ አይሞላም፤ ከእህሉ ጋር የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት፥ ከተገኘም ወተትና እንቁላል ሊታከልበት፥ የእናቱም ጡት ሊቀጥል ይገባል።

ብቅሉ ከደረቀና ከተፈጨ በኋላ በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ፤ እርጥበት ያገኘው እንደ ሆነ ይሻግታል፥ ኃይሉንም ያጣል። አዲስ ብቅል በተፈጨ ጊዜ ሁሉ በአንድ ሲኒ ወፍራም ገንፎ ይፈተን። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከማንኪያ ላይ ካልፈሰሰ ወይ በእሳት የደረቀ ነው፥ ወይ ሳይበቅል የተነሣ ነው፥ ወይም ገንፎው ሳይበርድ ገብቶበታል፤ ሦስተኛው በሌላ ሲኒ ገንፎ ወዲያው ይታወቃል።